ለቤት የሚሆን ጠመንጃ

ጠመንጃ ለመግዛት ያሰባችሁ ካላችሁ፣ ገንዘባችሁን ከማውጣታችሁ በፊት እኔን አናግሩኝ። ስለ ጠመንጃ አውቃለሁ ማለቴ አይደለም። ጋምቤላ ውስጥ ስለ ጠመንጃ ከእኔ ያነሰ የሚያውቅ ሰው ካለ ገና ጡት አልጣለም። እኔ የማውቀው ከተገዛ በኋላ የሚመጣውን ነው። እሱን ደግሞ ሻጭ አይነግራችሁም፤ ሻጭ የሚነግራችሁ ስንት ጥይት እንደሚጎርስ ብቻ ነው።

እኔ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። ዶሮ ሲታረድ ጓሮ ዞሬ ሰማይ የማይ ሰው ነኝ። አንድ የበዓል ዋዜማ አማቴ ዶሮና ቢላዋ አስይዛኝ ብትሄድ፣ ስትመለስ ዶሮዋ ግቢ ውስጥ እየተዝናናች፣ እኔ ስለ ደመና አይነቶች እያሰብኩ አገኘችን። ጎረቤት ጠርታ አሳረደች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስታየኝ የምታሳየኝ ፊት አለ፤ አሁንም አልለቀቃትም።

ነገሩ የሆነው ክልልነት አዲስ በነበረበት ሰሞን ነው። ትናንት የግብርና መጋዘን የነበረው ቤት ዛሬ ቢሮ ይሆናል፤ ታፔላው ተሰቅሏል፣ ወንበሩ ግን ገና ከአዲስ አበባ ይመጣል ይባላል። የድሮው ጦር ሲበተን በዚህ በኩል ያለፈው ወታደር መሣሪያውን እየሸጠም እየጣለም ስለሄደ፣ ገበያ ላይ ከስኳር ይልቅ ጥይት በቀላሉ ይገኝ ነበር። ስኳር ሲጠፋ ያላማረረ ሰው የለም። ጥይት ስለተትረፈረፈ ያማረረ ግን አላየሁም። ማታ ማታ ተኩስ ይሰማል፤ ማን በማን ላይ እንደተኮሰ ጠዋት ስትጠይቁ፣ ሁሉም የሰማው ከሌላ ሰፈር ነው።

ባለቤቴ ጽጌ ከጎሬ አግብቻት ከመጣች ወዲህ ሙቀቱን ለምዳለች፣ የወባ ትንኙን ለምዳለች፣ እኔንም እንደ ምንም ለምዳለች። ተኩሱን ግን አልለመደችም። ይባስ ብሎ አጠገባችን ተከራይታ የምትኖረው ታይፒስት ቤቷ ተዘረፈ። ፍራሽ ሳይቀር ወሰዱባት። ጠዋት ላይ ጽጌ ያችን ልጅ ደጃፏ ላይ በባዶ እግሯ ተቀምጣ አይታት ተመለሰችና፣ ልጃችንን ማርታን እንዳዘለች ፊቴ ቆመች።

"ስማ! ወይ ለዚህ ቤት መሣሪያ ግዛ፣ ወይ እኔንና ልጄን ጎሬ ላከን።"

ጽጌ አንድ ነገር ሁለት ጊዜ አትናገርም። ማርታ ያን ጊዜ ገና ዳዴ ትላለች። ቤት ስገባ እየዳኸች መጥታ ሱሪዬን ይዛ የምትቆም ልጅ ናት። እውነቱን ልናገር፣ ሌባ ከምፈራው በላይ ያለ እነሱ ያንን ቤት ፈራሁ።

በማግስቱ መምህራን ክፍል ገብቼ "መሣሪያ ልገዛ ነው" አልኩ። አቤት የተነሳው ወሬ! በስብሰባ ላይ አፋቸውን ከፍተው የማያውቁ መምህራን ሁሉ ተናገሩ። የስፖርት መምህሩ ሽጉጥ ግዛ አለኝ፤ ትራስ ሥር ይቀመጣል፣ እጅ ሲሰደድ ይገኛል። እኔ ደግሞ ተኝቼ ስገላበጥ አልጋ የምሰብር ሰው ስለሆንኩ፣ መጀመሪያ የሚሞተው ማን እንደሆነ ታየኝ። የኬሚስትሪ መምህሩ፣ ክላሽ ያለበት ቤት ሌባ የሚመጣው ለክላሹ ነው ብሎ አስጠነቀቀ። ይህን ምክር ማንም አልሰማውም፤ የኬሚስትሪ መምህር የሚለውን ማን ይሰማል? በመጨረሻ ጋሽ ገበየሁ፣ አንጋፋው የሒሳብ መምህር፣ ጠረጴዛውን መታ።

"ክላሽ ነው እንጂ ሌላ ምን ይገዛል! ወንድ ልጅ ሲገዛ አንዴ ነው።"

ወንድ ልጅ ደሞዙ የመምህር ሲሆን ግን አንዴም አይገዛም። ቤታችን ውስጥ የሚሸጥ ነገር ብፈልግ ያገኘሁት ሬዲዮዋን ብቻ ነው።

ስለዚህች ሬዲዮ መናገር አለብኝ። ትልቅ ናት፣ በባትሪ ትሠራለች፣ አንቴናዋ ተሰብሮ በሽቦ ተቀጥሏል። ጎረቤታችን ኡጁሉ ከእኔ በላይ ይወዳታል። ኡጁሉ አኙዋክ ነው፤ ጤና ጣቢያ መርፌ ይወጋል። በሁለታችን ግቢ መካከል ያለው የሸምበቆ አጥር ሽንቁር አለው። ኡጁሉ አመሻሽ ላይ በዚያ ሽንቁር አንገቱን አስግጎ "መምህር!" ይላል፤ ከዚያ ይገባል፤ ከኋላው ወንድሞቹ፣ የአጎቱ ልጆች፣ አንዳንዴም የማላውቃቸው እንግዶች ይገባሉ። ደጃፌ ላይ ተደርድረው ዜና ይሰማሉ። ዜናው ሲያልቅ፣ ዜናው ስህተት እንደሆነ እስኪመሽ ድረስ ይከራከራሉ። እሱ ከባሮ ወንዝ የወጣ ዓሣ ያመጣል፣ ጽጌ ዳቦ ታቀርባለች፣ እኔ በሆዴ "ባትሪዬን ጨረሱት" እላለሁ።

ሬዲዮዋን ዋናው መንገድ ላይ ሱቅ ላለው ነጋዴ ሸጥኩና፣ በጭነት መኪና ላይ ተሰቅዬ ኢታንግ ገበያ ወረድኩ።

ኢታንግ ያገናኙኝ ጋትሏክ ከሚባል ኑዌር ደላላ ጋር ነው። ጋትሏክ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ወይፈን ያሻሽጣል፤ ሌላው ዕቃው ከጎጆው ጀርባ ነው። ምን እንደምፈልግ ስነግረው ልኬት እንደሚወስድ ልብስ ሰፊ ከላይ እስከ ታች አየኝ።

"ማን ነው የሚመጣው?" አለኝ።

"የት?"

"ቤትህ። ጠመንጃ ሲገዛ መጀመሪያ የሚመጣው ይታወቃል። አንበሳ ከሆነ ሌላ ነው። ከብት ዘራፊ ከሆነ ሌላ ነው። አንተ ጋ ማን ነው የሚመጣው?"

"ሌባ ነዋ!"

"ስሙ ማን ነው?"

"የሌባ ስም ከየት አውቃለሁ?"

"ካላወቅከው ሌባ መሆኑን እንዴት አወቅክ?"

ዲግሪ ያለው ሰው መልስ ማጣቱ እንዳያሳፍረኝ "ርካሽ የሆነ አሳየኝ" ብዬ ወሬውን ቀየርኩ። ጋትሏክ ከጎጆው ጀርባ ሄዶ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አምጥቶ መዳፌ ላይ አስቀመጠ። የእጅ ቦምብ ነበር።

"ይሄ ከሁሉ ርካሽ ነው" አለ።

"ቤት ውስጥ?" ድምፄ ቀጠነ።

"አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ሌባ አይመጣም።"

"ቤቱስ?"

"ቤቱም የለም። ሌባ ምን ሊወስድ ይመጣል?"

መዳፌን እንደዘረጋሁ፣ መተንፈስም ፈርቼ፣ ራሱ እስኪያነሳልኝ ቆምኩ። ሲስቅ የላይኛው ጥርሱ ሁሉ ታየ። ከዚያ በኋላ ነው ምንሽር የሚባለውን የጥንት ጠመንጃ ያመጣው። ሰደፉ ተሰንጥቆ በሽቦ ታስሯል፤ በዕድሜ ከአባቴ ሳይበልጥ አይቀርም። የሚስማሙት ጥይቶችም ጥቂት ናቸው፤ ገበያውን የሞላው የክላሽ ጥይት ለእሱ አይሆንም።

"ይተኩሳል?" አልኩ።

"ድሮ በጣም ይተኩስ ነበር" አለኝ ጋትሏክ፣ ስለ አንድ ጡረተኛ ዘመዱ እንደሚያወራ ሰው።

ልሞክረው ብል ጥይቱ ያልቅብሃል አለኝ። ልክ ነው ብዬ ተቀበልኩ። እግዜር ያሳያችሁ፣ ጫማ ስገዛ ሱቅ ውስጥ ወዲያ ወዲህ የምሄድ ሰው ነኝ። ከፍዬ ስሄድ ከኋላዬ ጠራኝ፤ "መምህር! የሚመጣውን ሰው ስታውቅ ተመለስ። ሌላ እሰጥሃለሁ።"

ምንሽሩን በበቆሎ አገዳ ጠቅልዬ መኪናው ላይ ወጣሁ። ማንም እንዳያውቅ ነው እንግዲህ። ገና ከኢታንግ ሳንወጣ አጠገቤ የተቀመጠ ሽማግሌ አገዳውን በእግሩ ነካ ነካ አድርጎ "ይሄ አገዳ ስንት ይጎርሳል?" አለኝ። መኪናው በሙሉ ሳቀ። ጋምቤላ ስንገባ ምንሽሩ ከእጅ ወደ እጅ ዞሮ፣ ሁሉም አነጣጥሮበት፣ ሁሉም ተታለልክ ብሎኝ ነበር። የሰደፉን ሽቦ ያጠበቀልኝም ሰው አለ፤ አመሰግናለሁ።

ጽጌ ግን አልሳቀችም። ለረጅም ጊዜ አየችውና አልጋው ራስጌ አቆመችው። ያን ሌሊት ተኛች። ስንት ወር ሙሉ ሲባንን የከረመ ሰው ለጥ ብሎ ሲተኛ ማየት እንዴት ደስ ይላል! ጠዋት ላይ ቁርሴን እያፏጨሁ በላሁ። ባልነት ማለት ይህ ነው ብዬ አሰብኩ።

ደስታዬ እስከ እኩለ ቀን ቆየ። ጋሽ ገበየሁ እንኳን ደስ ያለህ ሊለኝ መጣና ግቢውን እንደ ጦር መሐንዲስ ዞረው። ሽንቁሩ ጋ ሲደርስ ቆመ።

"ይህ ምንድን ነው?"

"የጎረቤት መመላለሻ ነው፣ ጋሼ።"

"መሣሪያ ያለበት ቤት አንድ በር ብቻ ነው የሚኖረው! በዚህ ገብተው በራስህ ጠመንጃ ቢገድሉህስ?"

እኔ በራሴ ጠመንጃ መሞት እንደሚቻል እስከዚያ ቀን አላሰብኩም። ሁለታችን እሾህ ቆርጠን ሽንቁሩን ጠቀጠቅነው። ጋሽ ገበየሁ እጁ እየደማ፣ እንዲህ ያለ ሥራ ከሠራ ብዙ ዘመኑ እንደሆነ ነገረኝ።

አመሻሽ ላይ እንደ ወትሮው ከአጥሩ ወዲያ "መምህር!" የሚል ድምፅ ሰማሁ። ከዚያ እሾሁ ሲንኮሻኮሽ ተሰማ። ቆይቶ ኡጁሉ በመንገድ ዞሮ፣ በዋናው በር፣ ብቻውን መጣ። በዚያ በር ሲገባ አይቼው አላውቅም፤ እንግዳ መሰለ። በቅጠል የተጠቀለለ ዓሣ ይዟል።

"መሣሪያ ገዛህ አሉ" አለኝ።

"አዎ።"

"ጥሩ ነው።" ወደ ሽንቁሩ ዞር ብሎ አየ። "እሾሁስ?"

"ለሌባ ነው።"

"መምህር፣ በዚያ በኩል የምመጣው እኔ ነኝ። ሌላ ሰው መጥቶ አያውቅም።"

ሳቅኩ። ሌላ የማደርገው ጠፍቶኝ ነው። "ኧረ አንተን ማን አለህ!" አልኩት። እሱ ግን አልሳቀም። ዓይኑ ሬዲዮዋ ትቀመጥበት ወደ ነበረው ቦታ ሄደ።

"ሬዲዮውስ?"

"ተሸጠ።"

"አሃ" አለ። ዓሣውን በርጩማው ላይ አስቀምጦ "ለማርታ ነው" አለና፣ በመጣበት በር ወጣ። በዚያ ሰሞን እንደ እኔ ከደጋ የመጣው የአገሬውን፣ የአገሬውም ከደጋ የመጣውን ጎሪጥ የሚያይበት ጊዜ ነበር። እኔና ኡጁሉ ግን በዜና እንጂ በሌላ ተጣልተን አናውቅም።

ከዚያ ቀበሌ ተጠራሁ። ሊቀመንበሩ ወንበራቸውን ለቀውልኝ ተነሱ፤ ያኔ ነው መጠርጠር የነበረብኝ።

"መምህር፣ እንኳን ደስ ያለዎት! መሣሪያዎ ተመዝግቧል። ሮንድ ገብተዋል።"

ሮንድ ማለት የሰፈር ሰው ተራ ገብቶ ሌሊት የሚጠብቅበት ነው። ዱላ ያለው ሰው ተራው አልፎ አልፎ ነው የሚደርሰው። ግን በእያንዳንዱ ቡድን አንድ ጠመንጃ ያለው ሰው መኖር አለበት። ጠመንጃ ያለው ደግሞ ጥቂት ነው፤ ስለዚህ እኔ የሁሉም ቡድን አባል ሆንኩ።

"እኔኮ የገዛሁት ቤቴን ልጠብቅበት ነው" አልኩ።

"ቤትዎ ቀበሌው ውስጥ አይደለም እንዴ? ቀበሌው ከተጠበቀ ቤትዎ ተጠበቀ።"

"እሺ ጠመንጃውን ልስጣችሁ፣ እኔ ቤቴ ልደር።"

"የተመዘገበው ከነባለቤቱ ነው፣ መምህር።"

እየሮጥኩ ጋሽ ገበየሁ ጋ ሄድኩ። "ጋሼ፣ እርስዎ መሣሪያ እያለዎት እንዴት ከሮንድ አመለጡ?" አልኩት። በአግራሞት አየኝ። "እኔ? ምን ሲደረግ መሣሪያ እገዛለሁ! ሮንድ ያስገቡኝ?"

እናም ቤቴን ልጠብቅበት በገዛሁት ጠመንጃ የነጋዴውን ሱቅ ስጠብቅ ከረምኩ። ሬዲዮዬ በመስኮቱ ትታየኝ ነበር። አንድ ቀን አጣኋት፤ ነጋዴውን ብጠይቀው ተሸጠች አለኝ። ቤቴ ጽጌና ማርታ በሩን በአግዳሚ ወንበር ደግፈው ብቻቸውን ያድራሉ። ጠዋት ስገባ ጽጌ ዓይኗ ቀልቶ ትጠብቀኛለች፤ እኔ ደግሞ ዓይኔ ቀልቶ ወደ ክፍል እሄዳለሁ። ተማሪዎቼ በዚያ ዓመት ስለ ደመና አይነቶች ምንም አልተማሩም።

ቀጥሎ ዕድራችን መጣ። አንድ ጡረተኛ የሃምሳ አለቃ ሞተውብን ነበርና፣ ያለ ተኩስ መቀበራቸው ነውር ነው ተባለ። ምንሽሬን ይዤ መቃብሩ ዳር ቆምኩ። ሬሳው ሲወርድ ምልክት ሰጡኝ፤ ዓይኔን ጨፍኜ ቃታውን ሳብኩ። "ቀጭ" አለ። ሌላ ጥይት አጎረስኩ። "ቀጭ።" አልቃሾቹ ለቅሷቸውን አቆሙ። የሟች ወንድም ዓይኑን ጠርጎ መጥቶ "ጥይቱን ፀሐይ ላይ አስጥተኸዋል?" አለኝ። ሌላው ዘይት ቅባው፣ ሌላው ገልብጠህ ምታው አለኝ። ሟች ጉድጓድ ውስጥ ሆነው ምክክሩ እስኪያልቅ ጠበቁ። በመጨረሻ ቄሱ በቃ ብለው አፈሩ ተመለሰ።

ቢያንስ ከሮንድ እገላገላለሁ ብዬ ነበር። "ችግር የለም" አሉኝ ሊቀመንበሩ፤ "እንደማይተኩስ ሌባ አያውቅም።" ሌባው እኮ ቀብር ላይ ነበር ልላቸው ፈልጌ ተውኩት።

አንድ ጠዋት ከሮንድ ስመለስ የቤቴ በር ወልቆ አገኘሁት። ጽጌ ማርታን ታቅፋ መሬት ላይ ተቀምጣለች። ማርታ ደህና ናት። ጽጌም ደህና ነኝ አለችኝ፤ ድምፅዋ ግን የእሷ አልነበረም። ሌቦቹ በሩን ገንጥለው ሲገቡ የመጀመሪያ ጥያቄያቸው "ጠመንጃው የታለ?" ነበር።

"ሮንድ ወጥቷል አልኳቸው" አለችኝ። "ባልሽስ? አሉኝ። አብሮት ወጥቷል አልኩ።"

አላመኗትም። አልጋውን ገለበጡ፣ ሳጥኑን በረበሩ፣ ጠመንጃውን ሲያጡት በንዴት ብርድ ልብሱን ሁሉ ጠቀለሉ። ጽጌ ጮኸች። ድምፅዋን ሰምቶ ከእሾሁ ወዲያ የጮኸው ኡጁሉ ነው። ወንድሞቹም አብረው ጮኹ፤ ሌቦቹ ያንን ሁሉ ድምፅ ሲሰሙ ፈረጠጡ።

"ገባ?" አልኳት።

"አልገባም። 'መምህር መሣሪያ ይዞ በጨለማ ቢመጣ እኔን ከሌባ አይለየኝም፤ እዚሁ ቆሜ እጠብቃለሁ' አለኝ። እስኪነጋ ከእሾሁ ኋላ ቆሞ፣ አይዞሽ ጽጌ፣ አይዞሽ ሲለኝ አደረ።"

ዕቃዋን ስትሰበስብ አልከለከልኳትም። ምን ብዬ? ቋጠሮዋን አስራ ስትጨርስ ቀና ብላ አየችኝ። "እነ ኡጁሉ ደጃችን ላይ ተቀምጠው ዜና በሚሰሙበት ጊዜ አንድ ሌባ መጥቶ ያውቃል?" አለችኝ። ቀጥላም "ግዛ ያልኩህ እኔ ነኝ፤ ጥፋቱ ያንተ ብቻ አይደለም" አለች። ይህን ባትለኝ ይሻለኝ ነበር። የጎሬው መኪና ላይ ስትወጣ ማርታ ወደ እኔ እጇን ዘርግታ ነበር። መኪናው ዳገቱን እስኪይዝ ቆሜ አየሁ፤ ከዚያ በኋላም ቆምኩ።

ምንሽሩን ልሸጠው ሞከርኩ። ገዢ ተብዬው ሁሉ ቀብሩ ላይ ነበር። በነፃ ልስጥ ብዬ ቀበሌ ሄድኩ፤ የተመዘገበ መሣሪያ ክልሉ ካልሰረዘው አይወጣም አሉኝ። ወደ ክልሉ ቢሮ ሄድኩ። ክልሉ ገና አዲስ ስለሆነ መሣሪያ የሚመዘግብ ክፍል አለው፤ የሚሰርዘው ክፍል ግን ገና አልተቋቋመም። "እስከዚያው እንዳይጠፋ" አለኝ ጸሐፊው፤ "ቢጠፋ የሚታሰረው ባለቤቱ ነው።"

በዚያው ሳምንት ሮንድ የማልወጣበት ቀን አገኘሁና እሾሁን በእጄ ነቅዬ ጣልኩት። ሽንቁሩ ተከፈተ፤ ምንሽሩን ጭኔ ላይ አጋድሜ ደጃፌ ላይ ተቀመጥኩ። ከወዲያ የኡጁሉ ደጃፍ በሰው ተሞልቶ ይታያል፤ መሐላቸው አንቴናዋ በሽቦ የተቀጠለ አንዲት ትልቅ ሬዲዮ ተቀምጣለች። ከነጋዴው የገዛት እሱ ነበር። ኡጁሉ አንገቱን በሽንቁሩ አስግጎ አየኝ።

"መምህር! ና እንጂ፣ ዜና ሊጀምር ነው።"

ተነሳሁ። ከዚያ ጭኔ ላይ የነበረውን ምንሽር አየሁ። ይዤው እዚያ ሰው መሐል እንዴት እገባለሁ? በሩ ወልቆ ባልተጠገነ ቤት ውስጥ ትቼውስ እንዴት እሄዳለሁ? ተመልሼ ተቀመጥኩ።

"ዛሬ አልችልም" አልኩት።

"ምን ትሠራለህ?"

"ጠመንጃ እጠብቃለሁ።"

ይስቃል ብዬ ነበር። አልሳቀም። ተመልሶ ሄደ፤ ሬዲዮዋን አንስቶ ወደ አጥሩ አስጠጋትና፣ ድምፅዋን ከፍ አደረገልኝ።